የቅጹ ስድስተኛ ጥያቄ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤
ኺኾን ወደብ ላይ ዝናብ ይወርዳል።
በግራ እጄ በረዶ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣
ከንፈሬ ላይ ይዤ፣ ደሜን አባብዬ፣
በቀኝ እጄ ጣት ቅጽ እሞላለሁ፤
ፊደል በፊደል፣ እንደ ልጅ፣ እለቅማለሁ።

ቀን፦ ጻፍኩ።
ሰዓት፦ ጻፍኩ።
ቦታ፦ ሦስተኛ ፎቅ፣ ክፍል ሦስት መቶ ዐሥራ አራት፣
ከአልጋው በስተግራ፣ ከመጋረጃው ፊት።
የጥቃት አድራሹ ስም፦ እሱን ለጊዜው አለፍኩት።

"በምን ተጠቁ?" ይላል ቀጥሎ፣
አማራጩን እንደ ምግብ ቤት ዝርዝር አንጠልጥሎ፦
በስለት። በዱላ። በቃል። በእጅ። በሌላ።
በእጅ ነው። ሰፊ እጅ፣ የብየዳ እሳት የበላ፣
ዐርባ ዓመት ብረትን ከብረት ሲያጋባ የኖረ፣
ዛሬ የሸሚዙን ቁልፍ ለመቆለፍ የተቸገረ።
እርጥብ አንሶላውን ልለውጥ ጎንበስ ስል፣
ሌባ መሰልኩት፣ ወይም የድሮ ባለዕዳ፣ ማን ይገምታል፤
አንዴ ብቻ ነው የመታኝ።
አንዴ ብቻ! ይኸው፣ እኔም ማሳነስ ለመድኩኝ።

ከዚያ ስድስተኛው፦
"ጥቃቱን ለማስቀረት እርስዎ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?"
እኔ?
እናቴ እንዳለችው ባንክ መቀጠር።
ሰውየውን በእርጥቡ፣ እስኪነጋ፣ ዘግቼበት ማደር።
ፊቴን ቤት ረስቼ መምጣት፣ ይቻል ከነበር።
(መልሱ ከሁለት መቶ ፊደል መብለጥ የለበትም፣ ይላል ከግርጌ።)

ፑሪ ፋሻ ልትወስድ ገባች፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ቤት አድራለች፤
እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ክንዷ ላይ የነጣ ንክሻ አሳየች፣
ሰው የልጁን ፎቶ እንደሚያሳይ።
"ይቺ የዘጠና ስምንቷ ናት። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም ከላይ።
ተይው ኔሬያ። ዓሣ ሻጭ ይሸታል፣ ነርስ ትቀምሳለች።
ኢትሲያር በጥር ወንበር ሲወረወርባት ጻፈች፤
ምን አገኘች? የሁለት ሰዓት ሥልጠና፣ ያውም በዕረፍቷ ቀን፤
ርዕሱ፦ በሽተኛ ሲቆጣ ድምፃችንን እንዴት እንቀንሰዋለን።"

ሄደች። ቀና ስል ገጹ ጠፍቷል፤
"ለረጅም ጊዜ ስላልጻፉ ተዘግቷል።"

ሳቄ መጣ። ከንፈሬ ደማ።
የሦስት መቶ ዐሥራ አራት ደወል ተሰማ።

በሩ ላይ ቆምኩ። ካሁን ቀደም በሩ ላይ ቆሜ አላውቅም።
ኤላዲዮ ነቅቷል፤ ዓይኑ የቅድሙ ዓይን አይደለም።
"ልጄ፣" አለኝ፣ "ከንፈርሽን ምን ነካው?"
"ወድቄ ነው።"
"የወደቀ ሰው መዳፉ ይላጣል። እስቲ መዳፍሽን።"
ዘረጋሁ። እንደ ፎርማን ገልብጦ አየ ሁለቱን።
"እኛ መርከብ መሥሪያው ውስጥ መዝገብ ነበረን፤ እኔ ነኝ ስይዝ የኖርኩት።
አለቆቹ 'ጣቱን የቆረጠው ቤቱ ነው' ሲሉ፣ እኔ ሰዓቱን ጻፍኩት።
ያልተጻፈ ጣት አልተቆረጠም፣ ለእነሱ፤
ሰውየው ግን ዘጠኝ ይዞ ነው ወደ ቤት መመለሱ።
ጻፊ። ማንም ይሁን ስሙን ጻፊ። እኔ እመሰክራለሁ።"
"እሺ" አልኩት። አንሶላውን ጎተትኩለት።
እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አልዋሽም፣ ፈርቻለሁ።

እንደገና ቀን። እንደገና ሰዓት።
ስድስተኛው ላይ፦ "ለሠላሳ አራት አልጋ ሁለት ሰው ነበርን።
እናንተስ ምን ማድረግ ትችሉ ነበር?" በዚህ ቋጨሁት።
የጥቃት አድራሹ ስም፦ ኤላዲዮ ቪያዞን።
የምስክር ስም፦ ኤላዲዮ ቪያዞን።
ቀይ ጽሑፍ ብልጭ አለ፦
"ስሙ ተደግሟል፤ እባክዎ ያርሙ።"

አላርምም።
"ላክ" የሚለውን ደግሜ ተጫንኩ።